ምላጭ በስንት ኪሎ ይሳባል?

አማርኛችን አንዳንዴ ሳይታወቀው ትልቅ ነገር ይናገራል። “ምላጭ” ስንል ጢም የሚላጭበትን ስለት ማለታችን ነው፤ ወደ መሣሪያው ዓለም ስንሻገር ደግሞ ጣት አርፎበት ሲሳብ ጥይቱን የሚያስወነጭፈውን ትንሽ ብረት ማለታችን ነው። የከተማው ሰው “ቃታ ሳበ” ማለት ይቀናዋል። ውትድርና የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ግን ፈገግ ይላል። በእሱ ቋንቋ ቃታ የሚሳበው ጥይት ለማጉረስ፣ ማለትም ለማቀባበል ነው። ነገሩን የሚጨርሰው ምላጩ ነው። እንግዲህ የጢሙም ምላጭ የመሣሪያውም ምላጭ ጥራታቸው የሚፈተነው በጣት ነው። በሁለቱም በኩል ፈታኙ ካልተጠነቀቀ ፈተናው ወደ ራሱ ይዞራል።

ሌላም ቃል አለን፤ “ባረቀ” የሚል። ሰው አስቦ ሲተኩስ “ተኮሰ” እንላለን። ሳያስበው ካመለጠው ግን ጥፋቱን ከሰውየው ትከሻ ላይ አውርደን መሣሪያውን እናሸክመዋለን፤ “ሽጉጡ ባረቀበት” እንላለን፤ ልክ መብረቅ የወረደበት ይመስል። በዚህ አንድ ግስ ስንት ለቅሶ እንደተደረሰ፣ ስንት ሽማግሌ እንደተቀመጠ፣ ስንት ጉማ እንደተከፈለ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበኩሌ ነገሩን በቅርብ ለማየት ዕድል ካገኘሁ ወዲህ የተረዳሁት፣ በ“ተኮሰ” እና በ“ባረቀ” መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትርና ጥቂት ኪሎ መሆኑን ነው።

አባቶቻችን መሣሪያ መግዛት ያውቁበት ነበር። የመሣሪያዎቹ ስም ራሱ የገበያውን ታሪክ ይመሰክራል፤ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ቤልጅግ ደግሞ ከአገሩ ከቤልጂግ የመጣ ስም ነው። ገዢው አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ በውስጡ ይመለከታል፤ ሰደፉን ይዳስሳል፤ ማኅተሙን ይመረምራል። በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን እንደሚያየውና እንደሚያስረግጣት ሁሉ ማለት ነው። ስለ ምላጩ ክብደትና ልስላሴ ሲጨዋወቱ ግን ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱም ጠመንጃ በሁለት እጅ ተይዞ፣ ትከሻ ላይ ተደግፎ ስለሚተኮስ ምላጩ ትንሽ ቢያስቸግርም ሰውነት ይችለዋል። ሽጉጥ እንዲህ አይደለም። ሽጉጥ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚተኮስ መሣሪያ ነው። አንድ ኪሎ የማይሞላ ብረት ይዘህ፣ ምላጩን ለመሳብ ሁለት ኪሎ ተኩል ወይም አምስት ኪሎ ጉልበት ስትጠቀም፣ ከመያዣው ይልቅ መሳቢያው ይከብዳል። ስለዚህ ጣት ሲስብ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ አፈሙዙ ይዞራል። በሽጉጥ ዒላማ ከሚስቱት ውስጥ አብዛኞቹ ዓይናቸው ሳይሆን ጣታቸው ነው ያሳታቸው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ፈልጌ አልነበረም። የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። የአክስቴ ልጅም እዚያው ነው ያለው፤ ሌሊት ሌሊት በአንድ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ሁለት ወጣቶች መሣሪያ ደግነውበት በሣጥኑ ውስጥ የነበረችውን ገንዘብና የእጅ ስልኩን ወስደውበት ሄዱ። ሰውነቱ አልተነካም፤ እንቅልፉን ግን ወሰዱበት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሥራ ጨርሶ መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ ቤቱ ደርሶ ደረጃ ሲወጣ፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣና፣ “ጋሼ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው። አንተ ወታደር ስለነበርክ አብረኸኝ ሂድ” አለኝ።

ወታደር መሆኔ እውነት ነው፤ በ1975 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከዘመቱት አንዱ ነኝ። ካሠለጠኑን ውስጥ አንድ አሥር አለቃ ዛሬም ድረስ ትዝ ይሉኛል። “ምላጭ አይመነጨቅም” ይሉን ነበር። “ክንድህን ተንተርሶ ያንቀላፋውን ሕፃን ሳትቀሰቅስ ክንድህን እንደምታወጣ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳብ። ጥይቱ መቼ እንደሚወጣ አንተም ማወቅ የለብህም” ይሉናል። ከዚህ የተሻለ ትምህርት በአሜሪካም አልሰማሁም። ለአክስቴ ልጅ ስብከት አልሰበክሁለትም። ፈርቶ ለመጣ ሰው ስብከት እንጀራ አይሆነውም። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀስ ብለን እንየው” ብቻ ነው ያልኩት።

ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አዲስ ሽጉጥ ማስመዝገብ የተከለከለ ሲሆን፣ ክልከላው የተነሣው በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄለር በሚባለው ክስ ላይ ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው። በቨርጂኒያ ግን የመሣሪያ መደብር እንደ ጫማ መደብር ነው። ገብተህ “ያንን አሳየኝ” ትላለህ። ከመግዛትህ በፊት ግን የፌዴራል መንግሥቱን ቅጽ ትሞላለህ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ “እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?” የሚል ነው። ለሌላ ሰው ብሎ መግዛት ወንጀል ነውና። መደብሩም ስምህን ለግዛቱ ፖሊስ አስተላልፎ ያስጣራል። ይህ እንግዲህ ምርጫው ካለቀ በኋላ ያለው ሥርዓት ነው። እኛ የሄድነው ለምርጫው ነበር።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ ይጠጋል። አንድ ሽጉጥ አነሣና ካዝናውን አወጣ፤ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ከፍቶ አቆመው። ጥይት የሚገባበትን ጉድጓድ ራሱ አየ፤ ከፍቶም ሰጠን። ባዶ መሆኑን እያየን እንኳ እኔ ደግሜ አየሁ፤ ትንሿን ጣቴንም አስገብቼ ዳበስኩት። ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ የምትቀር ከሆነ ይህንን ያዝ፤ ባዶ ነው የተባለ መሣሪያ ሁሉ የጎረሰ ነው። የባረቁት አብዛኞቹ “ባዶ ነው” የተባሉት ናቸው።

ቀጥሎ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ “ባዶውን ልሳበው?” ተብሎ። ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። አንዳንዱ መሣሪያ፣ በተለይ ጥይቱ ከጠርዙ የሚመታው ባለ 22 ካሊበሩ፣ ጥይት ሳይኖረው ሲሳብ መርፌው ብረት ላይ ያርፍና ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ብለው የሚሠሩት የውሸት ጥይት አለ። ፈቃድ ከተገኘም በኋላ አፈሙዙ ወደ ሻጩም፣ ወደ ሌላው ገበያተኛም አይዞርም።

አሁን ወደ ምላጩ እንምጣ። ምላጭ ሲሳብ አንድ ጉዞ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ጉዞ አለው። መጀመሪያ ጣት ያለ ብዙ ትግል የሚወስደው ላላ ጉዞ አለ። ቀጥሎ ጣት የሆነ ነገር ይገጥመዋል፤ ግድግዳ የነካ ያህል ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ ነው ሰው ቆሞ፣ ዓላማውን አስተካክሎ፣ ልቡንም ጠይቆ የሚቀጥለው። ከግድግዳው በኋላ ጥሩ ምላጭ ልክ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር በአንድ ጊዜ ይለቃል። መጥፎው ግን እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቋ፣ እየቆመ እየሄደ ይንፏቀቃል፤ መቼ እንደሚለቅ ስለማይታወቅ እጅ ይጨነቃል። ከለቀቀም በኋላ ምላጩ ትርፍ መንገድ የሚሄድ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት አፈሙዙን ይነቀንቀዋል። በመጨረሻም ጣት ሲላላ ምላጩ ወደፊት ተመልሶ “ቀጭ” የሚልበት ቦታ አለ። ሁለተኛው ጥይት ከዚያ ነው የሚጀምረው። እነዚህን አንድ በአንድ ለማወቅ ዓይንን ጨፍኖ አሥር ጊዜ ያህል መሳብ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ስበት ምላጭን አውቄያለሁ ማለት አንዴ ሰላም ያሉትን ሰው ጠባዩን አውቄዋለሁ እንደማለት ነው።

ሦስት ዓይነት ሞከርን። የመጀመሪያው ግሎክ ነው፤ የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለውና ዛሬ በአሜሪካ ፖሊሶች ወገብ ላይ በብዛት የሚታየው። ምላጩ አምስት ፓውንድ ተኩል፣ በእኛ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይከብዳል። በጣት የሚነሣ መቆለፊያ የለውም፤ መጠበቂያው ምላጩ ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት። ጣት ሲያርፍባት ትገባለች፤ አለቀ። ሁለተኛው ጆን ብራውኒንግ ለአሜሪካ ጦር የሠራው፣ 1911 እየተባለ በዓመተ ምሕረቱ የሚጠራው ነው። መቺውን አስቀድሞ በአውራ ጣት ወይም በማቀባበል ወደ ኋላ ያስቀምጡታል፤ ስለዚህ ምላጩ የሚሠራው መልቀቅ ብቻ ነው። ጉዞው አጭር፣ ስብራቱ ንጹሕ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህንን ሲስብ ፊቱ በራ። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሐሳብ ነው የሚሄደው!” አለኝ። እውነቱን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያው እውነት ነበር።

ሦስተኛው ስድስት ጥይት የሚይዝ ተሽከርካሪ ሆድ ያለው፣ ሪቮልቨር የሚባለው ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ ይህን ቤተሰብ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ የአሜሪካ ፖሊስ ለረጅም ዘመን የኖረው በዚህ ነው። መቺውን ሳያነሡ በቀጥታ ሲስቡት፣ ምላጩ ራሱ ሆዱን አዙሮ፣ መቺውን አንሥቶ፣ ኋላ ይለቀዋል፤ ያን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ጣት ስለሆነ ክብደቱ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ፣ ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። ጉዞውም ረጅም ነው። ሻጩ እንደ ሥጋ ሚዛን ባለ ሞላና ባለ መንጠቆ መለኪያ አውጥቶ ሦስቱንም እየደጋገመ መዘነልን። ያስገረመኝ፣ ለስላሳ የሆነው ስድስት ፓውንድ ሻካራ ከሆነው አምስት ፓውንድ ይልቅ ለጣት ቀላል መሆኑ ነው። ሚዛኑ የሚናገረው ሌላ፣ ጣት የሚሰማው ሌላ።

አንድ ሌላ ፈተናም አሳየን። ሳንቲም አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ ማነጣጠሪያዋ አጠገብ ታስቀምጣለህ፤ ከዚያ ባዶውን ትስባለህ። ሳንቲሟ ካልወደቀች ጣትህና ምላጩ ተስማምተዋል። የአክስቴ ልጅ በቀላሉ ምላጭ አልጣላትም፤ በከባዱ ሪቮልቨር ግን ደጋግማ መሬት ላይ ወደቀች። እንግዲህ ገበያው ያለቀ መሰለው።

ቀላል ምላጭ ለማነጣጠር የተሻለ መሆኑን ማንም አይክድም። የኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች ምስክር ናቸው። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ዝቅተኛው የምላጭ ክብደት 500 ግራም ነው፤ በ25 ሜትሩ 1 ኪሎ። እስከ 2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ድረስ በነበረው የ50 ሜትር ውድድር ደግሞ ምንም ወሰን አልነበረውም፤ እስትንፋስ እንኳ የሚበቃው ይመስል ነበር። ግን እነዚያ ሰዎች የሚቆሙት ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ ከፊታቸው ወረቀት ብቻ ተሰቅሎ ነው። ልቡ የሚደልቅ፣ እጁ ያላበው፣ በጨለማ ኮቴ የሰማ ሰው ሌላ ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሪቮልቨር ወደ አዲሶቹ ሽጉጦች መሸጋገር ሲጀምር ምላጫቸው 12 ፓውንድ እንዲሆን ያደረገው ለዚህ ነው፤ የደነገጠ ጣት ሳያስበው እንዳይስብ። ተቺዎቹ “ከባዱ ምላጭ ዒላማ ያስታል፤ የሳተ ጥይት ደግሞ መንገደኛ ይመታል” ብለው ተከራክረዋል። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው። ምላጭ ሲከብድ “ባረቀ” ይቀንሳል፣ “ሳተ” ይጨምራል፤ ሲቀል ደግሞ ይገለበጣል። ከሁለቱ ነፃ የሆነ ምላጭ እስካሁን አልተሠራም።

በዚያን ቀን አልገዛንም። መደብሩ ከጎኑ የመተኮሻ አዳራሽ ስለነበረው ሁለቱን ተከራይቶ እንዲሞክር ነገርኩት፤ ባዶ ምላጭ ድምፅም ርግጫም የለውም፤ እውነተኛው ግን ሁለቱም አለው። አምስት ጥይት ከተኮሰ በኋላ ጣቱ ገና ምላጩን ሳይነካ ዓይኑ መጨፈን ጀመረ። ያ ንጹሕ የተባለ ምላጭ ሁለት ጊዜ እሱ “አሁን” ሳይል አመለጠው፤ ጥይቶቹ ወረቀቱን ስተው ከበስተጀርባው ግርዶሽ ላይ አረፉ። ሲወጣ ዝም አለ። “እቤት ቢሆንስ?” አለኝ መኪናው ውስጥ። ጥያቄውን አልመለስኩለትም፤ መልሱ ከእሱው ጋር ስለነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቱንም ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት። እሷ “እኔ ቤት መሣሪያ አይገባም” ብላ ነበር። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የስድስት ዓመት ሴትና የአሥራ አራት ዓመት ወንድ። መጣች፤ እጇን አጣምራ ቆመች። ሻጩ ስለ ከባዱ ሪቮልቨር ሲያስረዳት፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ሽጉጥ የሚሸጥ ነጋዴ መሣሪያው የአምስት ዓመት ልጅ የማይስበው መሆኑን ማረጋገጥ እንዳለበትና ምላጩን ወደ 10 ፓውንድ ማክበድ አንዱ መንገድ እንደሆነ ነገራት። እሷም ሽጉጡን ተቀበለች። በአንድ ጣት ሞከረች፤ ከበዳት። ከዚያ ሁለት ጣቷን አስገብታ ሳበችው፤ መቺው “ቀጭ” አለ። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሼ፣ ትንሿን ይከለክላት ይሆናል። ወንዱስ? የእሱ ጣት እኮ ከእኔ ይበረታል። ደግሞ ሰሞኑን በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው” አለች።

ሻጩ አማርኛ አይሰማም፤ ግን ዝም አለ። እኔም የምለው አጣሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በጥይት ከሞቱት ከ48 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ውስጥ ከ27 ሺህ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በራሳቸው እጅ ነው። ሌባ አይደለም፤ ጠላት አይደለም። በር ዘግቶ የዋለ ሰው ነው። ለዚያ ሰው 12 ፓውንድ ምንም ማለት አይደለም። የምላጭ ክብደት ለድንጋጤና ለሕፃን ጣት መልስ ይሆናል እንጂ ለሐዘን መልስ አይሆንም። ይህን ሦስት ቅዳሜ ስንመዝን ስንለካ ሁላችንም ወንዶች አላነሣነውም ነበር፤ እሷ በሁለት ጣቷ አንሥታው ሄደች።

የሆነው እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሪቮልቨሩን ገዛ። ሕጉ እንደሚያስገድደው ከሽጉጡ ጋር መቆለፊያ ተሰጠው፤ እሷ ግን “ይሄ አይበቃኝም” ብላ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ሣጥን አስገዛችው። ቁጥሩን የመረጠችው እሷ ናት፤ ከልደት ቀንም ከስልክ ቁጥርም የማይገናኝ። ጥይቱ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ሌባ ሲመጣ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል፤ እሱም ያንኑ ጠይቋት ነበር። “ሌባው አንድ ጊዜ ነው የመጣው፤ ልጄ ግን በየቀኑ ነው የሚመጣው” አለችው። ከጥቂት ወራት በኋላም የቀን ሥራ አገኘ፤ ደመወዙ ቀነሰ፣ እንቅልፉ ተመለሰ። ልጁም ከአባቱ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ መሄድ ጀምሯል። በሩ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይዘጋል፤ እናቱም አልፎ አልፎ ታንኳኳለች።

ከዚያ ወዲህ ወገኖቼ “አንተ ታውቃለህና አብረኸን ሂድ” ሲሉኝ እሄዳለሁ። ላላውን ጉዞና ግድግዳውን፣ መንፏቀቁንና ስብራቱን አሳያለሁ፤ ሳንቲሟንም አስቀምጣለሁ። ወደ መደብሩ ከመግባታችን በፊት ግን መኪናው ውስጥ እያለን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ እቤት ውስጥ ከአንተ ጣት ሌላ የማን የማን ጣት አለ? አንዳንዱ ይቆጥርልኛል። አንዳንዱ ዝም ይላል። ሁለት ሰዎች ደግሞ፣ ይህን ከጠየቅኋቸው በኋላ፣ “በል ቡና ጠጥተን እንመለስ” ብለውኛል።